ብስክሌት በጀፎረ ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ምድር የሚወጣ እንግዳ በአብዛኛው የሚያውቀው ሁለት አስፋልት ነው። አንዱ ከዓለም ገና ተነስቶ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡኢ በኩል ያልፍና ከመዲናዋ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቡታጅራ ይገባል። ሌላው በወሊሶ አድርጎ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወልቂጤ ይደርስና የግቤን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ጅማ ያቀናል። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚሮጥ መኪና የሚያሳየው የባጃጅ ሰልፍ፣ የብሎኬት ሱቅና የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው። የጉራጌ ኑሮ ያለው ግን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ ከ3,600 ሜትር በላይ በሚነሳው በዘቢዳር ተራራ ግርጌና ትከሻ ላይ፣ በቸሃ፣ በእዣ፣ በጉመርና በጌታ መንደሮች፣ በሶዶና በመስቃን የገጠር መንገዶች ዳር። ወደዚያ ለመግባት መኪና ይፈጥናል፤ የእግር ጉዞ ደግሞ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው ለመድረስ ቀኑን ይጨርሳል። በመሐል ያለው ብስክሌት ነው፤ በተለይም ዛሬ በዓለም ላይ እየተስፋፋ ያለው፣ ከአስፋልት ርቆ ጸጥ ባለ የጠጠር መንገድ ላይ የሚደረገው ጉዞ። ይህ ጉዞ ለጉራጌ ገጠር ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና የሚሆነው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ በመንገዱ ላይ የሚያዝዘው ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረው ነዋሪ ሆኖ ሲቀጥል።

ይህን ለማስረዳት ከጀፎረ መጀመር ግድ ነው። ጀፎረ በተለይ በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ጎጆዎች ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይደረደራሉ። ከየጎጆው ጀርባ የእንሰቱ ጓሮ ይጀምራል፤ ከእንሰቱ ወዲያ ማሳው፣ ግጦሹና ባሕር ዛፉ ይከተላል። ጀፎረ አይታረስም፣ አይታጠርም። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ የመስቀል ደመራ ይለኮስበታል፣ ሽማግሌ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይዳኝበታል። ከውጭ ለሚያየው ባዶ ሜዳ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥ ግን እያንዳንዱ ስንዝር የሚታወቅ ወሰንና የሚጠየቅ ጠባቂ አለው። አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው መጀመሪያ ጎረቤቱ ይናገረዋል፤ አልሰማ ካለ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ነገሩ ከበረታ በጎሳው ሸንጎ በኩል የሰባት ቤት ጉራጌ የጋራ ሸንጎ እስከሆነው የጆካ ሥርዓት ድረስ ሊሄድ ይችላል። በክስታኔ (ሶዶ) ጉራጌ በኩልም የጎርደና ሴራ የተባለው ባህላዊ ሕግ ተመሳሳይ የጋራ ጉዳዮችን ሲዳኝ ኖሯል። እንግዲህ ሌላው ዓለም ለብስክሌት ሲል በብዙ ወጪ የሚፈልገው ነገር፣ ማለትም መኪና የማይበዛበት፣ ዓይን የሚያርፍበት፣ በነዋሪ የሚጠበቅ ሰፊ መንገድ፣ እዚህ ብስክሌት ከመፈልሰፉ በፊት ተሠርቶ ተቀምጧል።

ስለ ሌላው ዓለም ካነሳን፣ የጠጠር ብስክሌት ጉዞን ታሪክ በጥንቃቄ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ የሚወራው የተገላቢጦሽ ነውና። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የቱር ደ ፍራንስ ዘጠነኛ ቀን ውድድር በትሯ ከተማ ዙሪያ በሻምፓኝ የወይን አገር ውስጥ ሲካሄድ፣ ተወዳዳሪዎቹ በ14 ክፍሎች የተከፋፈለ 32 ኪሎ ሜትር ነጭ የጠጠር መንገድ ላይ አቧራ ለብሰው አለፉ። በቴሌቪዥን የተመለከተው ዓለም በውበቱ ተደነቀ። እነዚያ መንገዶች ግን ለብስክሌት የተሠሩ አይደሉም። ወይን አብቃዩ ገበሬ ትራክተሩን የሚነዳባቸው፣ ዘለላውን የሚያወጣባቸው የሥራ መንገዶች ናቸው፤ ብስክሌተኛው በእነሱ ላይ እንግዳ ነው። የሻምፓኝ ኮረብታዎችና የቡርጎኝ የወይን ማሳዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡም ዋጋ የተሰጠው ለብዙ መቶ ዓመታት ለቆየው የሰውና የመሬት ሥራ ነው። በጣሊያን ደግሞ ጋዮሌ በምትባል የኪያንቲ ወይን አምራች ከተማ በ1997 እ.ኤ.አ. ኤሮይካ የተባለ ጉዞ ተጀመረ። በአሮጌ ብስክሌት የሚደረገው የዚህ ጉዞ አንዱ ዓላማ የቶስካና ነጭ የጠጠር መንገዶች በአስፋልት ተሸፍነው እንዳይጠፉ መከላከል ነበር። ዛሬ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ቋሚ መስመር ምልክት ተተክሎለት ዓመቱን ሙሉ ይጎበኛል። በፈረንሳይ ብረታኝ ክፍለ ሀገር በገበሬ መንገዶች ላይ የሚካሄደው ትሮ ብሮ ሌኦን የተባለ ውድድርም በ1984 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት በብረቶን ቋንቋ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች የምወስደው ወይኑን አይደለም። ወይን ፍለጋ ከሆነማ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ የተከለው እርሻ አለ። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ በሦስቱም ቦታ መጀመሪያ የነበረው የነዋሪው ጉዳይ ነው። ሥራው፣ መንገዱ፣ ቋንቋው። ብስክሌቱ የመጣው ያንን ሊያግዝ ነው። በጉራጌ የወይኑን ቦታ የሚይዘው እንሰት ነው፤ ከጓሮ እስከ ማዕድ የአካባቢውን መልክና ኑሮ የቀረጸ ተክል። የጉዞው ሐሳብ ከእንሰቱና ከጀፎረው ተነስቶ ካልተዋቀረ በቀር፣ ምልክትና ሎጅ አዘጋጅቶ እንግዳ መጥራት የሌላውን አገር ውጤት ያለ መነሻው መቅዳት ይሆናል።

ጉራጌ ደግሞ ለመንገድ ባዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው፣ ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር ተባብረው የትውልድ ቀያቸውን ከዋናው መንገድ ለማገናኘት ተነሥተዋል። ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ለማሠራት የተቋቋመው ማኅበርም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። በኢትዮጵያ የራስ አገዝ ልማት ታሪክ ሲጻፍ የማይዘለል ምዕራፍ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኙ የጠጠር መንገዶች በመላ አገሪቱ ተከፍተዋል። በእነዚህ ላይ ሞተር ብስክሌት፣ ጋሪ፣ አህያና እግረኛ ይበዛል፤ ከባድ መኪና ግን እምብዛም ነው። እንግዲህ አውታሩ አለ፤ የአደረጃጀት ባህሉም አለ። የቀረው ለምን ዓላማ እንደሚውል መወሰን ነው።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የጢያ ትክል ድንጋዮች ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናቸው፤ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 እ.ኤ.አ. ተጨምረዋል፤ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምም በዚያው አቅጣጫ ናት። ሦስቱን በመኪና የሚያይ ጎብኚ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ለአካባቢው የሚተርፈው የመግቢያ ትኬትና ምናልባት አንድ ቡና ነው። ብስክሌተኛ ግን በዚህ ፍጥነት አያልፍም። በየ15 ወይም 20 ኪሎ ሜትሩ ውኃ ይጠማዋል፣ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፤ ብዙ ስለማይሸከም የሚያስፈልገውን ከደረሰበት ይገዛል፤ ሲመሽ ማደር አለበት። ጎማው ቢተነፍስ ካላማዳሪያውን የሚለጥፍለት ጎሚስታ ይፈልጋል። ቆጮው፣ ጎመን ክትፎው፣ አይቡ፣ ቡናው በአብዛኛው በሴቶች እጅ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ የእንግዳው ብር ወደ ትልቁ ከተማ ሆቴል ሳይዞር ጓሮዋን ወደምትንከባከበው እናት ሊደርስ ይችላል። ይህ ባዶ ምኞት ላለመሆኑ አገር ውስጥ ማስረጃ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች ላይ የተመሠረተ የእግር ጉዞ ሲካሄድ ቆይቷል፤ የእንግዳው ማደሪያ፣ ምግብና አጋሰስ ሁሉ ከመንደሩ ነበር። ወረርሽኙና ጦርነቱ ክፉኛ ቢጎዱትም ገበሬ ማኅበረሰብ እንግዳን በራሱ ሥርዓት ማስተናገድ እንደሚችል አሳይቷል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የአስፋልት ጉዳይ ነው። የገጠር ሰው አስፋልት ሲጠይቅ ስንት ዓመቱ ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ የሚሮጥ ወጣት «መንገዳችሁ ለብስክሌተኛ ያማረ ነውና ጠጠሩ ይቆይ» ቢባል ምን ይላል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚመለሰውም በማስተባበል አይደለም። የማንም መዝናኛ የአምቡላንስን መንገድ ሊያስቀር አይገባም። ወረዳን ከወረዳ፣ ጤና ጣቢያን ከሆስፒታል፣ ገበያን ከገበያ የሚያገናኝ መንገድ ይሻሻል፣ አስፋልትም ይልበስ። ነገር ግን መንገድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው፦ ዋናው መንገድ፣ ከዋናው ወደ ቀበሌ የሚገባው ጠጠር፣ እና ጀፎረ። የመጀመሪያው ለፍጥነት ነው። ሁለተኛው ክረምት ከበጋ እንዲያሳልፍ ቦይና ድልድይ ያስፈልገዋል፤ ይህ ለአምቡላንሱም፣ ለገበሬውም፣ ለብስክሌተኛውም እኩል ይጠቅማል። ጀፎረ ግን መተላለፊያም፣ አደባባይም፣ ግጦሽም ነው፤ በመሐሉ የመኪና መንገድ ሲቀደድ መንደሩ የሚያገኘው መንገድ የሚያጣውን አደባባይ አይተካም። የመኪናውን መንገድ ከጀፎረው ውጭ በእንሰቱና በማሳው ጀርባ አዙሮ መውሰድ በቀያሹ እጅ ያለ ምርጫ ነው። ዋጋው ትንሽ ይጨምር ይሆናል። ይህን ጭማሪ ለመጠየቅ እስካሁን ነዋሪው ከውበትና ከባህል ውጪ የሚያቀርበው የገንዘብ ምክንያት አልነበረውም፤ የብስክሌት መስመር ቢኖር ይኖረዋል። በኪያንቲ የሆነውም ይኸው ነው።

ጀፎረን የሚያሰጋው አስፋልት ብቻ ባለመሆኑ ነገሩ አጣዳፊ ነው። መሬት ጠቧል፤ ልጅ ቤት ሲሠራ ወደ ፊት መግፋት ይቃጣዋል። ከከተማ በሚላክ ገንዘብ የሚሠራው የግንብና የቆርቆሮ ቤት አጥርና በር ይፈልጋል። ጫትና ባሕር ዛፍ የእንሰቱን ቦታ ሲወስዱ ከጎጆ ጀርባ ያለው ሥርዓት ይናጋል፤ የኋላው ሲናጋ የፊቱም አይቆይም። ሕጉስ? የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ዕውቅና ቢሰጥም፣ መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊያዞረው እንደሚችል ይደነግግ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ከተተካ በኋላም ለመንደሩ ዋናው ጥያቄ ያው ነው፦ ጀፎረው በወል ይዞታነት ወሰኑ ተለክቶ በነዋሪው ስም ተመዝግቧል ወይስ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ቀርቷል? የሽማግሌ ቃል በመንደሩ ውስጥ ያስራል፤ ከውጭ የሚመጣን ባለሀብት ወይም የፕሮጀክት ቀያሽ ግን ለማስቆም ካርታና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ብስክሌት እዚህ ላይ ያልታሰበ ጥቅም አለው። መስመር ለማውጣት ካርታ መሥራት ግድ ነው፤ ካርታ ሲሠራ ወሰን ይለካል።

ከዚሁ ተቃራኒ ወገን የሚመጣ ሌላ ሙግት አለ፦ ጀፎረን እወዳለሁ የሚል ሰው እንዴት የብስክሌት መንጋ ይለቅበታል? ሣሩ በጎማ ይቆረጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ቦይ ይሆናል፤ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው መሐል ባለ ደማቅ ልብስ ጋላቢ ይገባል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ከረሜላና ሳንቲም ለመለመን ይሰለፋሉ። ይህን ሥጋት እንደ ወግ አጥባቂነት ማየት ስህተት ነው፤ በላሊበላና በሌሎች የጉብኝት ቦታዎች ዓመታትን ያስቆጠረ ችግር ነው። መልሱ በቁጥርና በወቅት ላይ ያለ ሥልጣን ነው። በመቶ የሚቆጠር ተወዳዳሪ የሚያሰልፍ ውድድር ለጀፎረ አይሆንም፤ ውድድር የሚሻ በቀበሌው ጠጠር ላይ ያድርገው። በጀፎረ ላይ የሚያልፈው አነስተኛ ቡድን ይሁን፤ ዘበኛውና መሪው የመንደሩ ልጅ ይሁን፤ ለቅሶ ባለበት ቀን፣ ሣሩ በራሰበት ወር መስመሩ ይዘጋ። ክፍያው ለወረዳ ካዝና ገቢ ሆኖ ከመጥፋቱ በፊት የተወሰነው ድርሻ ለመንደሩ እድር ወይም ለጀፎረው ጥበቃ እንዲውል በጽሑፍ ይወሰን። ጀፎረን እስከ ዛሬ ያቆየው ሥርዓት ይህን ለመወሰን አቅም አያንሰውም፤ ከዚህ የከበዱ ጉዳዮችን ሲዳኝ ኖሯል።

ጸጥታን በተመለከተ መሸፋፈን አያስፈልግም። በ2010 ዓ.ም. በወልቂጤ፣ ከዚያም ወዲህ በመስቃንና በማረቆ አካባቢ ግጭት ሰው ገድሏል፣ አፈናቅሏል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምሥረታ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለሆኑ ሁለቱን ከተሞች በዘቢዳር ላይ የሚያገናኝ መስመር በሁለት አስተዳደሮች ፈቃድና ኃላፊነት ሥር ያልፋል። ከዚህ የሚከተለው ሐሳቡን መተው ሳይሆን በአጭሩ መጀመር ነው፤ የአንድ ወይም የሁለት ቀን መስመር፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ ነዋሪው እንግዳውን በስሙ በሚያውቅበት። የመጀመሪያው እንግዳም ከፓሪስ መምጣት የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች እየበዙ ነው፤ በመስቀልና በአረፋ ወደ ቀዬው የሚመለሰው የጉራጌ ተወላጅም በቀላሉ የማይቆጠር ነው፤ ልጆቹ የአያታቸውን መንደር ከመኪና መስኮት በተሻለ መንገድ ሊያዩት ይገባል።

ኢትዮጵያና ብስክሌት እንግዳ ናቸው የሚለው አስተያየት ደግሞ ከታሪክ ጋር ይጋጫል። አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ እነገረመው ደንቦባ ያሉበት የብስክሌት ቡድን አብሮ ነበር። የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጎረቤቶቻችንም ቀድመውናል፤ በኬንያ የማሳይ ማራ ምድር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠጠር ብስክሌት ውድድር ይካሄዳል፤ ሩዋንዳ በኪቩ ሐይቅ ዳር 227 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መስመር አውጥታለች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር አስተናግዳለች። የእኛ ችግር ዕቃው ነው። እጀታው እንደ ኮርሳ የታጠፈ፣ ጎማው ግን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ለዳገት ቀላል ማርሽ ያለው የጠጠር ብስክሌት ከውጭ ይመጣል፤ ዋጋውም ለተራው ሰው የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ለጅማሬው የግድ አይደለም። በየከተማው የሚሸጠው ወፍራም ጎማ ያለው ማውንቴን ባይክ በጥሩ ፍሬንና በደህና ቸርኬ እነዚህን መንገዶች ይወጣቸዋል። ከብስክሌቱ ይልቅ የሚቸግረው ጥገና ነው፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ላሉ ጠጋኞች ሥልጠናና መለዋወጫ ማቅረብ ከማንኛውም የማስታወቂያ ዘመቻ ይቀድማል። ጥቅሙም ለእንግዳ ብቻ አይሆንም፤ ተማሪውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ብስክሌት ይሄዳሉ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በአመዛኙ የከተማን ጎዳና የሚመለከት ነው፤ ብስክሌት በእርግጥ ኑሮን የሚለውጠው ግን ትራንስፖርት በማይደርስበት ገጠር ነው።

መልክዓ ምድሩ የራሱን ሕግ ያወጣል። ቡታጅራ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር የሚወጣ ጋላቢ ከ1,500 ሜትር ያላነሰ ዳገት ይጠብቀዋል፤ ከወልቂጤ ወደ ግቤ የሚወርድ ደግሞ ሙቀቱን መቋቋም አለበት። በክረምት ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ ተጠምጥሞ አያስኬድም። ስለዚህ ወቅቱ ከመስቀል በኋላ ተጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪገባ ያሉት ወራት ናቸው። ለመነሻ የሚበጁ ይመስሉኛል የምላቸው ሁለት አካባቢዎች ናቸው። አንደኛው በሶዶ በኩል ከጢያ ተነስቶ፣ አስፋልቱን ትቶ በገጠሩ ጠጠር ወደ ምድረ ከብድ ገዳም የሚያቀናው ነው፤ ተጓዥ ተቀብሎ ማስተናገድ ለዚያ አገር አዲስ አይደለም። ሁለተኛው ከጉብሬ ተነስቶ በቸሃ ጀፎረዎች በኩል ወደ እንድብር የሚገባው ነው። ምዕመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት የአብሬት መስጊድም በቸሃ ነው። ጉብሬ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መንገድ የሚለኩ የምህንድስና ተማሪዎች፣ የአካባቢውን ሥርዓት የሚያጠኑ መምህራን ከበሩ ላይ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ብስክሌት መግዛትም ምልክት መትከልም አይደለም። ዩኒቨርሲቲው፣ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤትና የየመንደሩ ሽማግሌዎች አብረው ሆነው በመስመሩ ላይ የሚገኘውን እያንዳንዱን ጀፎረ ወሰን ለክተው፣ በነዋሪው ስም በወል ይዞታነት ማስመዝገብ ነው። ሁለተኛው ሥራ በየመንደሩ ተሰብስቦ ማን እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚያልፍና ምን እንደሚከፍል መወሰን ነው። አንድ መንደር «በእኛ በኩል አይለፍ» ካለ መስመሩ ዞሮ እንዲሄድ፣ ለዚህም ምክንያት እንዳይጠየቅ በደንቡ ላይ መጻፍ አለበት፤ ካርታው የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው።